አርባኛው ስም

ሳታራ፣ ኖቬምበር 14 ቀን 1911

ውድ ማቱ፣

ፀጉርሽ አለ ወይ ብለሽ ጠይቀሽኛል። አለ። ዛሬ ጠዋት ታጥቤ ጎንጉኜዋለሁ፤ ይህን ስጽፍልሽ እርጥቡ ጀርባዬን እያቀዘቀዘው ነው። ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ እንዳልልሽ፣ የናፍቆቱ ነገር እውነት ቢሆንም ደህና መሆኔን አላውቅም።

በፖስታው ላይ «ለወይዘሮ ሱሺላ ካኔ» ብዬ ስለጻፍሁ ይቅር በይኝ። በሠርግሽ ቀን ባልሽ ሰሃን ላይ በተበተነ ሩዝ በጣቱ የጻፈልሽን አዲስ ስም እስከ ዛሬ በአፌ ጠርቼው አላውቅም። ግን «ማቱራ» ብዬ የላክሁት የፊተኛው ደብዳቤ «እንዲህ የምትባል ሴት እዚህ ቤት የለችም» ተብሎ ተመለሰልኝ። እጅ ጽሕፈቱ የባልሽ ወንድም ይመስለኛል። ያምራል።

አሁን ጉዳዬን ስሚኝ። ባሌ ሙኩንድ በወረርሽኙ ከሞተ ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ አባቱ ወደ ቤት ወስደው እንደ መበለት ደንብ ፀጉሬን ሊያስላጩኝ ይመላለሳሉ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ሶናታይ በትምህርት ቤቱ ማደሪያ አስጠግተውኝ፣ የላይኛውን ክፍል ሂሳብ ያለ እሷ የሚያስተምርልኝ የለም እያሉ ይመልሷቸዋል። ርዕሰ መምህርታችን እንዴት እንደሆኑ ታውቂያለሽ፤ ዝናብንም ቢሆን «ተራህን ጠብቅ» ይሉታል።

ባለፈው ወር ግን የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ተሰበሰበ። ሰብሳቢው ራውሳሄብ ፓራንጃፔ «ሴት ልጅ ከአራተኛ ክፍል በላይ ተምራ የት ደረሰች? እስቲ አንዷን አሳዩኝ» አሉ።

ሶናታይ ተናደዱ። «አርባ ላሳይዎት?»

«አርባ?»

«አርባ። የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር አቋቁመው በገዛ እጃቸው የሚፈርሙ።»

«እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ» አሉ ራውሳሄብ፣ ጸሐፊውም ጻፈው። ቁጥሩ ከንዴት የወጣ ነው ማቱ፤ አሁን ግን ቃለ ጉባኤ ሆኗል። አርባ ሴት ከተገኘ የላይኛው ክፍል ይቀጥላል። ካልተገኘ ፌብሩዋሪ አንድ ቀን ይዘጋል፤ ክፍሉ ከሌለ መምህርቷ የለችም፤ መምህርቷ ከሌለች በባሌ አባት ጓሮ ምላጭ የሳለ ሰው ይጠብቃታል። ነገሩ ይኸው ነው።

የአሥራ አምስት ዓመት መዝገብ ፊቴ ተዘርግቷል፤ አንድ መቶ አሥራ ሁለት ልጃገረዶች። ለስድሳዎቹ ጻፍሁ፤ አርባ አንዱ ተመለሰ። ስማቸው በሩዝ ላይ ተቀይሮ፣ በሌላ ስም በሌላ ሰው ቤት ይኖራሉ። ኢንዶር ብዙዎቹ የተዳሩባት ከተማ ናት። ፈልጊልኝ። ቅጾቹን አብሬ ልኬልሻለሁ፤ የመጀመሪያውን አንቺ ሙይው።

ቱንጋ


ኢንዶር፣ ዲሴምበር 3 ቀን 1911

ለእህቴ ለቱንጋ፣

ስለዘገየሁ አትቆጪኝ። ደብዳቤሽን አማቴ ከእጄ ወስደው አገላበጡት፤ ማንበብ አይችሉምና አሸተቱት። «የማን ነው?» አሉ። «የትምህርት ቤት ጓደኛዬ፣ ልጅ ወልዳ ነው» አልሁ። ስለዚህ ልጅ ወልደሻል፤ ወንድ ነው፣ እንኳን ማርያም... ይቅርታ፣ ጎረቤታችን ያለችው ክርስቲያን ሴት አነጋገሯ ተጋብቶብኝ ነው። ስሙን ማን እንዳልሽው ጻፊልኝ፤ እየጠየቁኝ ነው።

ስማቸው ተቀይሯል ያልሽው እውነት ነው፤ በስም አይገኙም። በጎረቤት ቤት የሕፃን ስም ሲወጣ ሴቱ ሁሉ ተሰብስቦ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠችውን አንዲት ቀጭን ሴት፦

«አንቺ የማን ነሽ?» አልኋት።

«የጆግሌካር ታናሽ ምራት።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ከዚያ በፊት ምን አለ?» ብላ ሳቀች። በዚህ አልሆነም። ቆይቼ የቡና ቤት ሰካራም ይመስል ለብቻዬ ማጉረምረም ጀመርሁ፤ ሶናታይ በዜማ ያስተማሩንን የአንድ ተኩል ማባዣ። «አንድ ተኩል...» አልሁ። «ሦስት» አለች ሴትዮዋ፣ ሕፃኑን እያየች። «አራት ተኩል» አልሁ። «ስድስት» አለች፤ ያን ጊዜ እጇ አፏ ላይ ሄደ። ከበሩ ሥር ደግሞ ሌላ ድምፅ «ሰባት ተኩል» አለ! አንዲት ወፍራም፣ የሦስት ልጆች እናት። ሦስታችንም ተያይተን አለቀስን፤ ሴቶቹ ሕፃኑን አይተን ያለቀስን መስሏቸው «አይዟችሁ፣ ለእናንተም ይሰጣችኋል» አሉን። የሦስት ልጆች እናቷ «ኧረ ይበቃኛል!» አለች።

እስከ ትናንት አምስት አግኝቻለሁ። እነሱም በየዘመዱ ቤት እያጉረመረሙ ነው፤ አንዷ እስከ ግዋሊየር ጽፋለች። ቅጾቹን በየራሳቸው ይልኩልሻል።

የእኔን በሚቀጥለው እልካለሁ። ቀለም አልቆብኛል።

ያንቺው ማቱ


ሳታራ፣ ዲሴምበር 19 ቀን 1911

ማቱ፣

ቀለም አልቆብኛል ያልሽኝ አራት ገጽ በቀለም ጽፈሽ ነው። ስለዚህ አልጠይቅሽም። ልጄንም አደራ፣ ስሙ ክፍልፋይ ነው በያቸው።

የማባዣሽ ዜማ ከአንቺ በላይ ተጉዟል። ከግዋሊየር፣ ከናግፑር፣ ከካራቺ ሳይቀር ሠላሳ አንድ ቅጽ ደረሰኝ። ታዲያ ለምን ደስ አላለሽም ብለሽ ጠይቂኝ። ከሠላሳ አንዱ አሥራ ሰባቱን ጸሐፊው መልሶ ጠረጴዛዬ ላይ ጣላቸው። «ያልተሞላ ቅጽ ቅጽ አይደለም» ብለዋል ራውሳሄብ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ቅጹን ያረቀቅሁት እኔ ነኝ፤ ሙሉ ስም ማለት የራስ ስም፣ የባል ስም፣ የቤተሰብ ስም ነው ብዬ ሦስት መስመር አሰመርሁ። ባሏን በስሙ የጠራች ሚስት ዕድሜውን ታሳጥራለች ተብለን ያደግን ሴቶች መሆናችንን እኔ፣ ቱንጋ፣ ረሳሁት! የእኔን ቅጽ በአንድ ትንፋሽ ሞልቼ ነው ወደ ማተሚያ የላክሁት። ሙኩንድን ብጠራው ምን ይሆናል? ከሞት በኋላ የሚያጥር ዕድሜ የለም። መበለትነት እንዲህም ያስረሳል። አሥራ ሰባቱ ሴቶች ግን መካከለኛውን መስመር ባዶ ትተውታል። አንዷ «እንደምታውቁት» ብላበታለች። አንዷ የበግ ሥዕል ሥላለች፤ ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም።

ባሎቻቸው ይሙሉላቸው እንዳንል «በገዛ እጃቸው» ተብሎ ተጽፏል።

ባለፈው ሰኞ የባሌ አባት መጡ። ሶናታይ በረንዳው ላይ ተቀበሏቸው፤ እኔ ከጥቁር ሰሌዳው ኋላ ቆሜ እሰማለሁ፣ ሃያ ሁለቱ ልጆችም ትንፋሻቸውን ውጠው ይሰማሉ።

«ምራቴን ልወስድ ነው የመጣሁት።»

«ክፍል ውስጥ ናት።»

«መበለት ናት እኮ፣ ሶናታይ! ፀጉሯን አንዠርግጋ በሰው ፊት ትቆማለች። የቤቴ ክብር ናት!»

«ክብርዎ አሁን ክፍልፋይ እያስተማረች ነው። ደወል ሲደወል ይመለሱ።»

ልጆቹ ሳቁ። እኔም ልስቅ ነበር።

«እሺ» አሉ ሰውዬው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ክፍሉ የተዘጋ ዕለትስ?»

«የዚያን ዕለት የምዘጋው በር አይኖረኝም» አሉ ሶናታይ።

ያን ቀን ማታ ምግብ አልበላሁም። አሥራ ሰባቱን ሴቶች ምን ብዬ ላሳምናቸው? ባልሽን ግደይልኝ ልበላቸው?

ቱንጋ


ኢንዶር፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 1912

ቱንጋዬ፣

ሞኝ ነሽ፤ ከክፍላችን አንደኛ የምትወጪው አንቺ ነሽ፣ ሞኟም አንቺ ነሽ። ሠርግ ላይ፣ ግብዣ ላይ ሙሽሮችን በር ላይ ይዘው «የባልሽን ስም ካልጠራሽ አትገቢም» ሲሉ ምን ይሆናል? በግጥም ትጠራዋለች! ግጥም ውስጥ ከገባ እንደ መጥራት አይቆጠርም። በግጥም ሲጠራ ባል አይሞትም፤ ያፍራል እንጂ። መስመሩ ላይ ግጥም ይጻፉ በያቸው። ቅጹ «ስም» ይላል እንጂ «በግጥም አይሆንም» አይልም።

እዚህ ያሉት ሦስቱ ትናንት እኔ ጓዳ ተሰብስበው ሞሉ። የወፍራሟ ይኸውልሽ፦

ምድጃው ነደደ፣ ወተት ገነፈለ፣
ቪታልራው ዛሬም ቁልፉን ጣለ።

ቀጭኗ ደግሞ፣ አንገቷን ደፍታ የምትውለው፦

ማንጎ ይበስላል ፀሐይ ሲበረታ፣
ዶንዶፓንት ያኮርፋል ጠዋትና ማታ።

«ይህን ኮሚቴው ያነበዋል እኮ!» አልኋት። «ያንብበው! አሥር ዓመት ለማን ነገርሁት?» አለችኝ።

ስለ እኔ ጠይቀሻል፤ ማለቴ አልጠይቅሽም ብለሽ ጠይቀሻል። ባሌን አንድ ጊዜ ጠየቅሁት። የሚስቱ ስም ሰው በሚያነበው መዝገብ ላይ፣ ያውም ፀጉሯን ካላስላጨች መበለት አጠገብ እንደማይሰፍር ነገረኝ። ሁለተኛ አልጠይቀውም። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ። ግንባሬ ላይ ያለው ደህና ነው፤ ማንም ቢጠይቀኝ የጓዳ በር ነው እላለሁ፣ በሩም ዝቅተኛ ነው።

ሌሎቹን እፈልግልሻለሁ። በዚህ እርኪልኝ።

ማቱ


ሳታራ፣ ጃንዋሪ 19 ቀን 1912

ማቱ፣

ስለ በሩ አንብቤ ደብዳቤሽን አጥፌ አስቀመጥሁ፤ ለሦስት ቀን መልሼ መክፈት አቃተኝ። ቢሆንም ከዚህ በታች የምጽፈውን እጽፈዋለሁ። ከዚያ በኋላ ከፈለግሽ ጥዪኝ።

ትናንት ኮሚቴው ተቀመጠ። ጸሐፊው ግጥሞቹን አንድ በአንድ ሲያነብ በበሩ ስንጥቅ እሰማ ነበር። በቁልፉ ሳቁ። በኩርፊያው ሳቁ። ራውሳሄብ ዕንባቸውን ጠረጉ። የራሳቸው ምራት ግጥም ተራው ደርሶ የልጃቸው ማንኮራፋት ሲነበብ ነው ቤቱ ጸጥ ያለው። ግን ማንም አልተቃወመም። ሁሉም ተቆጥሮ አርባ ሞላ! አርባ፣ ማቱ። ሶናታይ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ሲገፉ ሰማሁ።

ከዚያ ራውሳሄብ የመጀመሪያውን ቅጽ አነሱ።

«ይህቺ ቱንጋ የሙኩንድ ፋታክ ማን ናት?»

«መምህርቷ ናት» አሉ ሶናታይ።

«መበለቷ?»

«ማኅበሩን የመሠረተችው እሷ ናት።»

«ሶናታይ፣ የአዲስ ማኅበር መጀመሪያ ገጽ በመበለት ስም ይከፈት? የነገዋን ሙሽራ ማን አባቷ እዚህ ገጽ ላይ ያስፈርማታል? እነዚህ ሠላሳ ዘጠኙም ባሎቻቸው ሲሰሙ ይወጣሉ። እኔ አልቆጥራትም። በእጇ የጻፈችውን በእጇ ትሰርዝ።»

በሩን ከፈትሁት። «አልሰርዝም» አልሁ። ለኮሚቴው ወንዶች ፊቴን ሳሳይ የመጀመሪያዬ ነው። አንዱ ሽማግሌ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። «አልሰርዝም» አልሁ ደግሜ። «የአንድ ተኩሉን ማባዣ የሚያውቁ ሴቶች ፈልጌ ያመጣሁላችሁ እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ሠላሳ ዘጠኝ ነው» አሉ ራውሳሄብ። «አሥራ ሦስት ቀን አለሽ።»

ከአንድ መቶ አሥራ ሁለቱ የቀረ የለም። ሃያ አራቱ ሞተዋል፤ በወሊድና በወረርሽኝ። አንዷ ጉድጓድ ውስጥ፤ «አዳልጧት» ይላል የወንድሟ መልስ። የተቀሩት ወይ አድራሻ የላቸውም ወይ እምቢ ብለዋል። በመዝገቡ ላይ ምልክት ያላደረግሁበት አንድ ስም ማቱራ ቢዴ ነው።

ለምኜሽ አላውቅም። ልጆች ሳለን ስወድቅ እንኳ ደግፊኝ አላልሁም። አሁን ግን የባሌ አባት ጋሪ መንገድ ላይ ሲንኳኳ እየሰማሁ ነው የማድረው። ቀኑን ሙሉ እጄ ሳላዝዘው ወደ ፀጉሬ እየሄደ ልጆቹ አስተውለውታል። ክፍል ፊት ቆሜ የጻፍሁትን ረስቼ ሁለት ጊዜ ሰረዝሁ። አልችልም፣ ማቱ። ሌላ ሰው ቢኖረኝ ለአንቺ አልጽፍም ነበር። የምጠይቅሽ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ስለ በሩም አውቃለሁ። አውቄ ነው የምጠይቅሽ፣ ይህንንም ኃጢአቴን እወቂልኝ።

ቱንጋ


ኡጃይን፣ ጃንዋሪ 26 ቀን 1912

ለቱንጋ፣

ቅጹ በውስጡ አለ። ሦስቱም መስመር ሞልቷል። ግጥም አልጻፍሁም፤ ደረቁን ስም ነው የጻፍሁት። እንዴት ፈረምሽ አትበይኝ።

እኔ ደህና ነኝ። ከወንድሜ ቤት ነው የምጽፍልሽ፤ ለጥቂት ቀን ሂጂ ብለውኝ ነው። አማቴ ልብሴን ሁሉ በሣጥን አስጭነውልኛል፣ የክረምቱንም፣ የሠርጌንም ሳይቀር። አሳቢ ሰው ናቸው። የወንድሜ ሚስት ደግ ናት፤ በቀን ሁለት ጊዜ «ባልሽ መቼ ይመጣል?» ብላ ትጠይቀኛለች።

አንድ ነገር ለምኜሻለሁ፤ ስምሽን እንዳትሰርዢ። ያንቺ ከላይ፣ የእኔ ከታች ይሁን። እንዲያ ከሆነ የሆነው ሁሉ ሆነ።

ማቱ


ሳታራ፣ ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1912

ማቱ፣

የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ትናንት ተመሠረተ። አዳራሹ በአበባ ጉንጉን አጌጠ፤ የቅርብ አገሮቹ አሥራ አራት ሴቶች መጡ፤ እርድና ቀይ ዱቄት ተቀባቡ፣ የሰሊጥ ጣፋጭ ታደሉ። ይህ ባል ላላቸው ብቻ ነውና እኔ ከጎን ባለው የካርታ ክፍል ነበርሁ። የላይኛው ክፍል አልተዘጋም። ፀጉሬም አለ።

የጠየቅሽኝን አላደረግሁም።

ቅጽሽ ማክሰኞ ደረሰ። በማግስቱ ራውሳሄብ ቆጠሩ፦ ያለ እኔ አርባ። ከዚያ መዝገቡን ወደ እኔ አዞሩት፣ ብዕሩንም በእጃቸው ነክረው ሰጡኝ። «ስምሽ እዚህ ካለ ገጹን አልፈርምም፤ ካልፈረምሁ ክፍሉ ነገ ይዘጋል። ብትሰርዢ መምህርነትሽን ማንም አይነካብሽም፤ ለባልሽም አባት እኔው እነግራቸዋለሁ» አሉ። ሶናታይ ወደ ግድግዳው ዞረው ነበር። በረንዳው ላይ ሰውዬው ሲያስሉ ይሰማኛል፤ ጋሪውን አቁመው፣ ያቺን ቀን ጠብቀው መጥተዋል።

«አልሰርዝም» ልል አፌን ከፈትሁ። ብዕሩን ወሰድሁና ሰረዝሁት። አንዴ፣ ከላይ እስከ ታች፣ ስሙ እንዳይነበብ አድርጌ። ራውሳሄብ «ብልህ ልጅ» አሉኝ። ያቺ ቃል ከምላጭ አልተሻለችኝም።

አንቺ የባልሽን ስም ደረቁን ስትጽፊ፣ እኔ የራሴን አጠፋሁ። ይህን ሌላ ሰው ሳይነግርሽ እኔ ልንገርሽ ብዬ ነው። ልትጠዪኝ መብት አለሽ፤ ግን ደብዳቤ እየጻፍሽ አይደለም የምትጠዪኝ፣ ፊት ለፊት ነው።

የጥቂት ቀን እንግዳ የሠርግ ልብሷን አትጭንም፣ ማቱ። «አሳቢ ናቸው» ብለሽ የጻፍሽልኝን ሶናታይ ካነበቡ በኋላ መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ «ለታችኛው ክፍል ማባዣ የምታስተምር ሴት እፈልጋለሁ፤ አልጋም አለ። ራውሳሄብን ለእኔ ተዪልኝ፣ እኔ አሁን አርባ ሴት አለኝ» አሉ። እኔ ግን አርባዎቹን አልጠብቅም።

ነገ ባቡር እሳፈራለሁ። ብቻዬን ነው፤ ፀጉሬንም አልሸፍነውም። እሁድ ጠዋት ኡጃይን እደርሳለሁ። ሣጥንሽን እንዳትፈቺ። ወንድምሽ «ባሏ ሳይፈቅድ አትሄድም» የሚል ከሆነ አልጨቃጨቀውም፤ ከበራፉ ላይ ቁጭ እላለሁ። ማለዳ መበለት ፊት ለፊቱ ያየ ሰው የዚያን ቀን ከቤቱ አይወጣም፣ ጉዳዩ አይቀናውምና። ወንድምሽ ነጋዴ ነው። ሱቁን ስንት ቀን ዘግቶ እንደሚቀመጥ እናያለን።

ቱንጋ